ጋርደኝ ያልናት ተክልና የእማ ቃል

ለምወድሽ እህቴ ለሩመይሳ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ችግኝ ስታነሺ ስታስቀምጪ የሚያምሽ የቀኝ ትከሻሽ ተሻለሽ ወይስ ዝም ብለሽ ነው የምትሠሪበት? የሐዋሳ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ወባ ገብቷል ሲሉ ሰምተናልና አጎበር ሳትዘረጊ እንዳትተኚ። አበባ ቤት የምታሠራሽ ሴትዮስ ደኅና ናት? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ሁላችንም ደኅና ነን። እማ ከጉልበቷ በቀር ምንም አልሆነች፤ ምላሷማ ከጤናም በላይ ጤና ነው። ባሌ ባሽርም ሳሉ ለቆት ሱቁን ይከፍታል ይዘጋል። እኔም መንጋጋዬን ካስነቀልኩ ወዲህ በግራ በኩል ብቻ አኝካለሁ እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ይሄ ወረቀት ከየት መጣ ትዪ ይሆናል። ደንግጠሽ ከሆነ አትደንግጪ፣ የሞተ ሰው የለም። ታዝዤ ነው የጻፍኩት። ማን እንዳዘዘኝ ቦታው ሲደርስ እነግርሻለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ እጅ ይሄን ያህል ገጽ ሲጽፍ ጣቱ ይደነዝዛልና ፊደሌ ከተንጋደደብሽ በዚያው ያዢልኝ።

ነገሩ ስለ ጋርዴኒያዋ ነው። የእማን ቃል በስልክ ቆራርጬ ነግሬሽ ነበር፤ አሁን ከነመልኩ ልድገመው። በ2016 መስከረም የአጎታችን ልጅ ያሕያ ነጭ ሽንኩርቱን እናንተ አገር አራግፎ ሲመለስ ችግኟን ከነጥቁር ላስቲኳ ጋቢና ውስጥ እግሩ ሥር አድርጎ አመጣልኝ። የሽንኩርት መኪና ውስጥ ስንት ቀን ከርማ ቅጠሏ ራሱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር። እማ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ሩመይሳ የላከችው የአበባ ችግኝ ነው፣ ጋርዴኒያ ይባላል አልኳት። ስምሽን ስትሰማ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሽማግሌ ቤት ተቀምጦ ለዳባቱ ነጋዴ ሊድርሽ ነገሩን ሲጨርስ አንቺ ከባሕር ዳር ደውለሽ «እማ፣ እኔ ሄጃለሁ» ካልሻት ቀን ጀምሮ ስምሽ ሲነሳ የምታደርገው እንደዚያ ነበር።

ትንሽ ቆይታ ግን ግድግዳውን እንዳየች «ጋርደኝ?» አለች። ጋርደኝ ሳይሆን ጋርዴኒያ ነው ብላት ማን ይሰማኛል። «ገና ሳይተክሉት ጋርደኝ የሚል ምን ዓይነት ተክል ነው? የላከችውን ይመስላል» አለች። ከአጥራችን ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ዓለምዬ ወንፊት ልትመልስ መጥታ ቆማ ነበርና በሳቅ ፈረሰች። ስቃ ስታበቃ «እማማ፣ ይብቃዎት እንጂ፣ ልጅቷን ይጥሯት፤ እስከ መቼ ይኮረፋል?» ብትላት እማ በከዘራዋ ችግኟን እያመለከተች «ይሄ የሞቃት አገር ነገር በደባርቅ ውርጭ አበባ ካወጣ ያኔ ትምጣ!» አለቻት። እስከ መቼውም አትምጣ ማለቷ ነው። ዓለምዬ ግን ወንፊቱን ደረቷ ላይ አድርጋ «ሰምቻለሁ፤ ምስክር እኔ ነኝ» አለች።

ይሄን በስልክ የነገርኩሽ ቀን መጀመሪያ ሳቅሽ፣ ከዚያ ውርጩ በየትኛው ወር እንደሚበረታ ጠየቅሽኝ። ሕዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር አልኩሽ። መቁጠር እንደጀመርሽ ገባኝ። ለእኔም ያኔ ነው ነገሩ ከአበባነት ያለፈው። ተክሏ ከሞተች አንቺም ቀረሽ ማለት ነው ብዬ ያዝኩት።

እንግዲህ የምነግርሽን ስትሰሚ አትቆጪኝ፤ ካለፈ በኋላ ነው የምነግርሽ። ከችግኟ ጋር በእጅሽ ጽፈሽ የላክሽውን ወረቀት በቁም ሳጥኑ በር ጀርባ ለጥፌው ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ታግኝ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይሁንላት ይላል። ሥሯ ይረስርስ እንጂ ውሃ አይተኛባት ይላል። የዝናብ ውሃ አጠራቅሙላት፣ እንቡጥ ከያዘች በኋላ ከቦታዋ አታነቃንቋት ይላል። ይሄን ሁሉ እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያዝኩት። የመጀመሪያውን ውርጭ እቤት ውስጥ በቆርቆሮ ጣሳ አሳለፍኳት፣ በረመዳን እንኳ ከስግደት በፊት አያታለሁ። ብርዱ ሲያልፍ ጎመኑ አጠገብ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ተከልኳት። የመጨረሻው መስመር ላይ ግን «አሲዳማ አፈር ይስማማታል» ብለሽ ጽፈሻል። እኔ እሱን ሳይ የተሳሳትሽ መሰለኝ።

ምን ላድርግ ብለሽ ነው። ያን ዓመት ደባርቅና ዳባት ያለ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አሲዳማ አፈር ነበር። ገብሱ የቀጨጨው አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ነው፣ አሲዳማ አፈር በሽተኛ አፈር ነው፣ መድኃኒቱም ኖራ ነው እየተባለ በስብሰባም በሬዲዮም ስንማር ከረምን። የሰፈራችን የግብርና ባለሙያ ክንዴ ለጓሮዬ ነጭ ሽንኩርት መደብ የሚሆን ኖራ አምጥቶ እንዴት እንደሚበተን በእጁ አሳይቶኛል። ስለዚህ ወረቀትሽን አንብቤ ምስኪን እህቴ ቸኩላ «አ»ን ዘለለቻት አልኩ። እስክሪብቶ አንስቼ ከፊት «አ» ጨመርኩበት፣ ከኋላ «ታል» የሚለውን ሰርዤ «ትም» አደረግኩት። አይስማማትም ሆነ። እንዲያውም አስተካከልኩልሽ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያማ ግንቦት ላይ ከሽንኩርቱ ኖራ ሁለት ጣሳ ሙሉ ቀንሼ በሥሯ ዙሪያ ነሰነስኩላት። ለሽንኩርቱ ሰጥቶ ለእሷ መንፈግ አድልዎ መሰለኝ። በዚያ ላይ ለጎመኑ እንደማደርገው በየሳምንቱ የምድጃ አመድ እጨምርላታለሁ። ክረምቱ ገብቶ ጎመኑ እንደዚያ ሲፋፋ እሷ ቅጠሏ እየነጣ መጣ። መሐሉ ቢጫ ይሆንና የቅጠሉ ጅማት ብቻ እንደ ክር አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። የተራበች መስሎኝ አመዱን ጨመርኩ። የባሰ ነጣች። ባሽር ከሱቅ ሲመለስ ቆም ብሎ ያያትና «ያቺ ምራትሽ የወፍ በሽታ ይዟታል መሰል፣ ጤና ጣቢያ አትወስጃትም?» ይለኛል። እኔ ደግሞ አንቺ ስትደውዪ «ለምልማለች» እልሻለሁ። አዲስ ቅጠል አወጣች እልሻለሁ። አንድ ቀን ፎቶ ላኪልኝ ስትዪኝ ስልኩ ካሜራው ተበላሽቷል አልኩሽ። ካሜራው ምንም አልሆነም ነበር። ይሄን ስጽፍ እማ ጎኔ ተቀምጣ ለምን መጻፍ እንዳቆምኩ ትጠይቀኛለች፤ እጄ ደንዝዞ ነው ብያታለሁ።

መስከረም ላይ ክንዴ ሽንኩርቱን ሊያይ መጥቶ ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። ይቺ ምንድን ናት አለኝ። ነገርኩት። ምን አበላሻት አለኝ። «ምንም አላጎደልኩባትም፣ ኖራውን ከሽንኩርቱ እኩል ሰጥቻታለሁ» አልኩት። ክንዴ መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። አለመቀለዴን ሲያውቅ ጎመኑ መደብ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እትዬ ኡሙሰልማ፣ ተክል ሁሉ ገብስ መሰለዎት? ለገብስ በሽታ የሆነው ለእሷ ምግቧ ነው። እርስዎ እኮ ቀለቧን ነው የወሰዱባት» አለኝ። ወረቀትሽን አምጥቼ አሳየሁት። እርማቴን አየና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። እስካሁን በየስብሰባው እንደሚያሳየው ሰምቻለሁ። ያሳይ፤ ሌላው ሰው ይማርበት።

የኖራውን መሬት አሁን መመለስ አይቻልም፣ ሌላ አፈር ፈልጉላት አለን። ከየት ይመጣል ስለው ወደ ላይ፣ ወደ ስሜን አቅጣጫ በአገጩ አመለከተ። ከአስታ ሥር ያለው ጥቁር አፈር ይሆናታል አለ። አስታውን ታስታውሺዋለሽ፣ ደጋው ላይ ያለውን ሽበት የመሰለ ጠጕር የሚንጠለጠልበትን ዛፍ። በልጅነታችን ወደ አምባራስ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ የፈራሽው። ከፓርኩ አፈር ማንሳት አይቻልምና ገዱን ለመንኩት። ገዱ በየገበያው ቀን ድንች በበቅሎ የሚያመጣልን የአምባራሱ ሰው ነው፤ ማሳው ድንበር ላይ የራሱ አስታዎች አሉት። ስነግረው በቅሎውን ይዞ ትክ ብሎ አየኝ። «ሰው ከእኛ ገብስ ያስመጣል፣ ድንች ያስመጣል። ደባርቅ አፈር አልቆበት አፈር የምታስመጣ አንቺን አየሁ» አለኝ። ያም ሆኖ በሚቀጥለው ገበያ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ጭኖ ደረሰ። ዓለምዬ አፈሩን በእጇ ዘግና አሽታ «ይሄንስ ለራሴም ብበላው» አለች።

ባሽር ሰማያዊውን በርሜል ለሁለት ገመሰው፣ ቂጡን በጋለ ብረት በሳሳነው፣ ጠጠር አነጠፍንበት። ጥቅምት ላይ ነቅለን ሥሯን ኖራው እስኪለቅ በዝናብ ውሃ አጥበን እዚያው ግድግዳ ሥር በአስታው አፈር በርሜሉ ውስጥ አዛወርናት። የጠጣነውን ሻይ ቅጠል ሲበርድ በላዩ እደፋላታለሁ፣ ክንዴ አይጎዳትም ብሎኛል። እማ ይሄን ሁሉ ከበረንዳው ታያለች። አንድም ቀን ምን እየሠራችሁ ነው አላለችም። አንድ ጊዜ ብቻ «በርሜል ለአበባ!» ብላ ወደ ግድግዳዋ ዞረች።

ቀጥሎ ያለውን ለእማ አላነበብኩላትም። የጻፍኩትን ሁሉ አንቀጽ በአንቀጽ እያነበብኩ እንዳሰማት አዛኛለች፤ ይቺን ግን ዘልያታለሁና አንቺም ስትመጪ እንዳታወሪ።

ሕዳር ገባ፣ ውርጩ ወረደ። በርሜሉ ከብዶ ወደ ቤት የሚገባ አልሆነም። የመጀመሪያውን ሳምንት ላስቲክ አልብሻት ላስቲኩ የነካው ቅጠል ሁሉ እንደ ተጠበሰ ጠቆረ። ሌላ የማለብሳት ሳላገኝ እየተጨነቅኩ ሳለ ግን ጉዳቱ ቆመ። ጠዋት ስወጣ አመዳዩ በጎመኑ ላይ እንደ ጨው ተበትኖ እሷ ደረቅ ናት። ግድግዳው ነው ያሞቃት እያልኩ ክንዴ ፊት ሁሉ ተናግሬያለሁ። በዚያው ሰሞን ጫጩቶቹ ማድቤት መግባት ለመዱ። ቆጥ ላይ የሚደፋባቸው ትልቁ ቅርጫት የለም። እማን የዶሮው ቅርጫት የት ገባ ብዬ ብጠይቃት «እኔ የቅርጫት ዘበኛ ነኝ?» አለችኝ። እኔም ተውኩት። አንድ ቀን ግን ለሱብሒ ሶላት ተነስቼ የውዱዕ መታጠቢያ ሙቅ ውሃዬን ይዤ ስወጣ እማ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላለች። ቅርጫቱ በተክሏ ላይ ተደፍቷል፣ በላዩ የእሷ አሮጌ ጋቢ አለ። ጋቢውን አራገፈች፣ አጣጠፈች፣ ቅርጫቱን በክንዷ አንጠልጥላ ግድግዳውን እየያዘች ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኔ በሩን መልሼ ገፋሁትና ውስጥ ቆየሁ። ውሃዬ ቀዘቀዘ። ቁርሳችንን ስንበላ ስለ ጉልበቷ ብጠይቃት ብርዱ ነው አለችኝ። ሦስቱንም ወር እንደዚያ አደረገች፤ ጫጩቶቹም ሦስቱንም ወር ማድቤት አደሩ። ሽንኩርቴን ጫሩብኝ።

በሚያዝያ አምስት እንቡጥ ያዘች። እንቡጧ ታጥፋ እንደተጠቀለለች ዣንጥላ ናት፤ አንቺ ታውቂያታለሽ፣ ለእኔ ግን አዲስ ነበረች። ዓለምዬ በአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ «እማማ፣ ሻንጣ እየመጣ ነው» ትላታለች። እማ ደግሞ «እንቡጥ አበባ አይባልም፤ የቆሎ ፍሬ ያህል ነገር» ትላለች። ግን ቆጥራለች። አምስት መሆናቸውን ሳልነግራት ታውቅ ነበር።

ከዚያ እኔ ሁለተኛ ጥፋት አጠፋሁ። እማ ከበረንዳው ሆና እንድታያቸው ብዬ በርሜሉን ጎትቼ ፊቷን ወደ እሷ አዞርኩት። አታነቃንቋት የሚለው መስመር ላይ ምንም እርማት አላደረግኩበትም ነበር፤ አንብቤው ነው ያዞርኩት፣ ይቺን ታህል ማዞር መነቃነቅ አልመሰለኝም። በሦስተኛው ቀን አንዱ ወደቀ። በሳምንቱ አራቱም ወድቀው አንድ ብቻ ቀረ። እማ ጠዋት ከሶላት ስትመለስ በከዘራዋ የወደቀውን እየገለበጠች «አራት ሄደ» አለች። የቀረችውን እንቡጥ አንድ ሳምንት ሙሉ ማንም እንዳይነካት በዙሪያዋ አልጠረግኩም፤ ጓሮው ቅጠል በቅጠል ሆኖ ሰው ሲገባ ያሳፍር ነበር። ክሽክሽ የሚሉት ትንንሽ ተባይ ወጣባት፣ እሱን ብቻ በሳሙና ውሃ በነከርኩት ጥጥ አበስኩላት። አንቺ ያን ሰሞን ስትደውዪ እማ አጠገቤ ነበረችና ስለ ተክሏ ምንም አላወራሁሽም። ዝምታዬ ግራ አጋብቶሽ እንደነበር አውቃለሁ።

ግንቦት 8፣ ዓርብ ጠዋት፣ ገና በሩን ስከፍት ሽታው ቀደመኝ። አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ ላይ ማር ጠብ ያለበት ይመስላል። ሌላ የምመስልበት የለኝም። ነጭ ሆና ተከፍታለች፣ የእጄን መዳፍ ግማሽ ታክላለች። እማን አልጠራኋትም። ራሷ ወጣች። ከዘራዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ በርሜሉን በሁለት እጇ ያዘች፣ አጎነበሰች። እንደዚያ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል «ሽንኩርቱ ለቀቃት» አለች።

እስከዚያ ቀን «ይሄ ነገር» ነበር የምትለው። ያን ቀን ግን እንደ ሰው «ለቀቃት» ስትል ሰማሁ።

ዓለምዬ ለካ በአጥሩ ቀዳዳ ታያለች። ዞራ በበሩ ገባችና «እማማ፣ እንግዲህ ቃልዎ» አለች። እማ «አንድ ናት» አለች። ዓለምዬ «አበባ ካወጣ አሉ እንጂ ስንት ብለው አልቆጠሩም» አለች። እማ «በገበያ አንድ ሽንኩርት ዘርግተሽ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ ትያለሽ?» አለች። ዓለምዬ «ሽንኩርት ሌላ ቃል ሌላ! እኔ እዚችው ቆሜ ወንፊት ይዤ ነበር፤ ካስፈለገ በመስቀሌ እምላለሁ» አለች። እማ «አንቺ ደግሞ ወንፊቴን ስትመልሺ አንዱን ጠርዝ ሰብረሽ ነው» አለቻት። ዓለምዬ ወንፊቱ መሰበሩን አመነች፣ ቃሉ ግን አልተሰበረም አለች። እማ መሳቅ አልፈለገችም ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ግን ይነቃነቅ ነበር።

ስቃ ስታበቃ ወደ እኔ ዞራ ጻፊላት አለችኝ። አሁኑኑ እደውልላታለሁ ብዬ ስልኬን ሳወጣ እጄን ያዘችኝ። «በስልክ ነግራኝ ነው የሄደች። እኔ በስልክ አልጠራትም። ለሰርግ እንኳ ሰው የሚጠራው በወረቀት ነው» አለች። ያዘዘኝ ሰው እሷ ናት፤ ይኸው ቦታው ደረሰ። ያሕያ በዚህ ሳምንት ሽንኩርት ጭኖ ወደ እናንተ ስለሚወርድ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ።

የሚጻፈውን ስትነግረኝ ብዙ አላበዛችም። ዐረፋ ግንቦት 29 ነው፣ ለዚያ ትድረስ በያት አለችኝ። እሱን ጻፍኩ። ትንሽ አሰበችና «ዐረፋን በልታ ልትመለስ ከሆነ ግን አልጠራኋትም በያት» አለች። ይሄንንም ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ምን ልበላት ብላት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «ሕዳር ላይ ማን ነው የሚጋርዳት? የኔ ጉልበት ከእንግዲህ ማጎንበስ አይችልም» አለች። አለችና የተናገረችውን ሰማችው። እኔ ቀና ሳልል ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት። እሷም ስለ ዶሮዎቹ ማውራት ጀመረች።

እኔ በበኩሌ ነይም ቅሪም አልልሽም፣ ሩሚ። እዚያ ሥራ አለሽ፣ የራሴ የምትዪው ክፍል አለሽ፣ ያቺ ሴትዮ ታምንሻለች። ሕዳር ማለት የዐረፋ ጥየቃ አይደለም፤ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስለ ዳባቱ ነጋዴ የምትሰጊ ከሆነ እሱ አግብቶ ሁለት ወልዷል፣ እንዲያውም ወፍሮ ባጃጅ ውስጥ ለብቻው ነው የሚቀመጠው። ስለ እሱ እቤታችን የሚያነሳ የለም። እማ ይቅርታ ጠይቂ አላለችም፣ እሷም አልጠየቀችሽም። ከዚህ የበለጠ ከአፏ ይወጣል ብለሽ አትጠብቂ፤ ያለውን ሁሉ ጽፌልሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ረስቼ ነበር፤ ስትመጣ ሌላ ችግኝ ታምጣ፣ አንዷ ብቻዋን ናት ብላለች። ከዚያኛው ችግኝ ጋር የምትጽፊውን ወረቀት ግን አላርምም።

ፖስታው ውስጥ የምታገኚው ቡናማ ነገር አበባዋ ናት። ስትከፈት ነጭ ነበረች፣ በሦስተኛው ቀን ቅቤ መሰለች፣ ትናንት ማክሰኞ በራሷ ወደቀች። ማንም እንዳይቀጥፋት እማ ጠብቃታለች። ስትወድቅ አንስታ በወረቀት ጠቅልላ «ማስረጃ ነው፣ ይግባ» ብላ ሰጠችኝ። ሽታዋ እስከ ሐዋሳ ይቆያል ብዬ አልገምትም። ያሕያንም ከሽንኩርቱ አርቀህ ያዝ ብዬዋለሁ፣ ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም።

እማ ሰላም ብላሻለች፤ ትከሻዋን ቅባት ታሽ በያት ብላለች። ባሽር ሰላም ይልሻል፤ ስትመጪ ከአውቶቡስ መናኸሪያ እኔ እቀበላታለሁ፣ ሻንጣዋ ቢከብድም ከበርሜል አይከብድም ብሏል። ክንዴ ሳያውቅሽ ሰላም ብሎሻል፤ ወረቀቱን የጻፈችው ልክ ነበረች በይልኝ አለ። ገዱም አፈሩ ያስገኘውን ሰምቶ እጅ ነስቷል። ዓለምዬ ሰላምታ አይበቃኝም፣ ካልፈረምኩ አልሄድም ብላ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ጫጩቶቹ አድገው አራቱ እንቁላል ጀምረዋል፤ ቅርጫቱም ቆጡ ላይ ተመልሷል፣ እስከ ሕዳር።

እህትሽ ኡሙሰልማ
ደባርቅ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከዚህ በታች ያለው ሰማያዊ ክብ የእማ አውራ ጣት ነው። ማኅተም ስላልነበረን እስክሪብቶ ቀብቼላት ነው። ሁለት ጊዜ ነው የተጫነችው፤ የመጀመሪያው አልጎላም ብላ።

ቃሉ ሲነገር ሰምቻለሁ፣ አበባውንም በዓይኔ አይቻለሁ። ምስክር፦ ዓለምዬ (ወንፊቱን አሠራለሁ)።